ከሞሚና ቀጥሎ

በ1979 ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ በአንድ ወር ውስጥ ዐሥራ አንድ ልጆች ስማቸውን ቀየሩ። ዐሥራ አንዱም የመረጡት በ«ሞ» የሚጀምር ስም ነው። ይህን በደንብ የማውቀው ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

እኔ መቀየር አላስፈለገኝም። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ስለሞቱባት እኔን ሞትባይኖር አለችኝ። ይህ ስም አንድ ቀን ሰው የሚቀናበት ስም ይሆናል ብላ ግን አላሰበችም።

የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ተፈታኞች የሚቀመጡት በስማቸው ፊደል ተራ ነው። በክፍላችን ደግሞ ሞሚና ዓሊዩ የምትባል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ ወጥታ አታውቅም። እንግዲህ ከሞሚና አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ አንገቱ ትንሽ ረዘም ያለ ከሆነ፣ አለፈ ማለት ነው። በዝርዝሩ ላይ ከእሷ ቀጥሎ የነበረው ስም የእኔ ነው።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማንበብ የለመድኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ነው የቀኑ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የገባሁት። ክፍል ውስጥ ጢም ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ልጆቹ «አባባ» ይሉኛል። ሚኒስትሪውን ሁለት ጊዜ ወድቄ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ ሒሳብ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። መቻራ ያለው የቡና መሰብሰቢያ ጣቢያ ደግሞ ሚዛን ላይ ቆሞ ክብደት የሚመዘግብ ሰው ይፈልግ ነበር። አጎቴ እዚያ ዘበኛ ስለሆነ ቦታውን እስከ ነሐሴ አስጠብቆልኛል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የስድስተኛ ክፍል ሰርተፊኬት። ካለፍኩ መቻራ፤ ከወደቅኩ ሂርና ወርጄ ጫት መኪና ላይ እጭናለሁ።

የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ወልዳ ስለነበር ዲሬክተራችን ጓድ ጀምበሩ አስጠሩኝ።

«ጽሕፈትህ ከታይፕ ይሻላል» አሉኝ። «የተፈታኞችን ዝርዝር አንተ ትጽፋለህ። ሦስት ቅጂ፣ በካርቦን።»

«እሺ።»

«ስም ቀየርኩ የሚል ከመጣ የቀበሌ ደብዳቤ ካለው ጻፍ፤ ከሌለው አትጻፍ። ለማንም አታዳላ። ሚያዝያ ሠላሳ፣ ዐርብ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«እሺ።»

«ከእሺ ሌላ ቃል አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አልኩና ሌላውን ቃል ሳልናገር ወጣሁ።

መጀመሪያ የመጡት ወይዘሮ ወሰንየለሽ ናቸው። ባላቸው ከሸዋ ተዛውረው የመጡ ሐኪም ናቸው፤ ልጃቸው ኃይለየሱስ ከእኔ ጋር ይማራል። አንድ ዘምቢል ብርቱካን ይዘው ቤታችን በር ላይ ቆሙ።

«ሞትባይኖርዬ! እናትህ ደኅና ናት?»

እናት እንዳለችኝ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር።

«ደኅና ናት።»

«ስማኝ፣ ኃይለየሱስ ከሞሚና ስንት ይርቃል?»

«ቤቱ ነው?»

«ፊደሉ ነዋ!»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ኀ ከቸ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ይቀራል።»

«ሦስት ረድፍ! ከዚያ ሆኖ ምን ሊያይ፣ ጸጉሯን?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አጠገቧ የሚያደርሰው ስም የቱ ነው?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ግን ብርቱካኑ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ እሳቸውም ዐይን ዐይኔን እያዩኝ ነው።

«ሞሲሳ ቢሆን… ይደርሳል» አልኩ።

«ሞሲሳ? የኦሮሞ ስም አይደል?»

«አዎ።»

«ያምራል! እንዲያውም ከመጀመሪያው ሞሲሳ ነበር ማለት የነበረብን።»

ራሴን ከሞሚና አንድ ወንበር እንዳራቅሁ የገባኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ሁለተኛውን ብርቱካን ስልጥ ነው።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። አንዱ ልጅ ሞረዳ ሆነ፣ ሌላው ሞሲሳ ቁጥር ሁለት ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አብዱልቃዲር የሁሉንም ደብዳቤ በማኅተም ሲመቱ ከርመው በመጨረሻ የራሳቸውን ልጅ ሞቱማ አሉት። በማግስቱ ሌላ ሞቱማ መጣ። ከሞሚና በፊት መግባት የመረጡም ነበሩ፤ ከእነሱ አራቱ ሞላ፣ ሁለቱ ሞላልኝ ሆኑ። መምህሩ ስም ሲጠሩ «ሞላ» ካሉ አራት ልጅ «አቤት» ይላል፤ ኃይለየሱስ ግን «ሞሲሳ» ሲባል ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላ ይዞራል።

እኔ እያንዳንዱን «እሺ» ብዬ ጻፍኩ። ከሞሚና በኋላ አምስት ሰው ገባ፤ እኔ ስድስተኛ ሆንኩ። በጣም ከፋኝ። አንድ ቀን ማታ ግን የአዳራሹን ወንበሮች በወረቀት ላይ ነድፌ ሳይ አንድ ነገር አገኘሁ። በአንድ ረድፍ የሚቀመጠው ስድስት ሰው ነው። ከሞሚና በኋላ ስድስተኛ የሆነ ሰው የሚያርፈው በሚቀጥለው ረድፍ፣ ልክ ከጀርባዋ ነው! ሒሳብ ሠርቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ከመካከል እንዳይገባብኝ ብዬ ዐርብን በጭንቀት እጠብቅ ጀመር።

ረቡዕ ዕለት የልምምድ ፈተና ነበር። በአዲሱ ዝርዝር መሠረት ተቀመጥን። ወረቀቱ ከመታደሉ ሞሚና ላይ ጦርነት ተከፈተ። ከፊት ያሉት ሞላዎች በብብታቸው ሥር ወደ ኋላ ያያሉ፤ ከጎኗ ያለው ሞረዳ በእስክሪብቶ ይወጋታል። እኔም ከጀርባዋ ሆኜ የወንበሯን እግር በጫማዬ መታሁና «ቁጥር ስምንት» አልኳት። አልዞረችም። ደግሜ መታሁ። በሦስተኛው ላይ «ተዉኝ!» ብላ ዞረች። ተቆጣጣሪው ያዩት እሷን ነው። ወረቀቷን ነጥቀው ቀደዱት፤ ዜሮ። ሞሚና በሕይወቷ ከዘጠና በታች አምጥታ አታውቅም። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፣ እኛም እያንዳንዳችን ወደየወረቀታችን አቀረቀርን፤ ወረቀታችን ግን ባዶ ነበር።

ዐርብ ደረሰ። ዝርዝሩን ጨርሼ በዲሬክተሩ ቢሮ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ተንኳኳ። አለቀልኝ፣ ሌላ ሞቱማ መጣ ብዬ ቀና ስል ሞሚና ናት። እጇ ላይ የጎማ ጥላሸት አለ፤ አባቷ ዓሊዩ በሐረር መንገድ ዳር ጎሚስታ ስለሆነ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው።

«የስም ለውጥ ይዤ መጥቻለሁ» አለች።

«የማን?»

«የእኔ።»

ደብዳቤውን ዘረጋሁት። ሞሚና ዓሊዩ ስትባል የነበረችው ከዛሬ ጀምሮ ኩብራ ዓሊዩ ተብላ እንድትጠራ ይላል። ከሥሩ የአባቷ የጣት አሻራ አለ፤ ማኅተሙም አለ።

«ጓድ አብዱልቃዲር ፈረሙልሽ?»

«እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። ምክትላቸው ናቸው የፈረሙት። ‹ዛሬም ሞ ነው?› አሉና ሳያነቡ ማኅተሙን ጣሉበት።» ትንሽ ፈገግ ልትል ስትል ተወችው። «ኩብራ የአያቴ ስም ነው። አያቴ ራሷ ያወጣችልኝ ነው፣ አባቴ ግን ሞሚናን መረጠ።»

ዝርዝሩን አየሁ። «ከ» ያለበት ቦታ በጣም ሩቅ ነው፣ መስኮቱ ጋ። በዚያ አካባቢ የሚቀመጡት ስማቸውን ያልቀየሩ፣ ቀና ብለው የማያዩ ልጆች ናቸው።

«እኔ ግን…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተም መትተኸኛል» አለች። «ከወንበሬ እግር ላይ ምልክቱን ለክቼዋለሁ። አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ነው። ክፍላችን ውስጥ አርባ ሁለት የሚያደርግ ካንተ ሌላ የለም።»

እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ሰበሰብኩ።

«የምሸሸው ከእነሱ ብቻ አይደለም፤ ካንተም ጭምር ነው። ትጽፈዋለህ አትጽፈውም?»

የግድግዳው ሰዓት ለዐሥራ አንድ ዐሥር ጉዳይ ይላል። ቀለም አልቋል ብላት፣ ዲሬክተሩን ጠብቂ ብላት፣ ዐሥር ደቂቃ ባጓትት ያልቅ ነበር። እሷም እዚያው ከፊቴ ትቀራለች፣ መቻራም ትቀርበኛለች። ግን ዐሥራ አንድ ደብዳቤ አንዱን በብርቱካን፣ ሌላውን በሰላምታ ተቀብዬ ጽፌያለሁ። ዐሥራ ሁለተኛውን ባዶ እጇን ስለመጣች ልመልሰው?

«እሺ» አልኩ።

በሕይወቴ ብዙ እሺ ብያለሁ፤ ሳይጨንቀኝ ያልኩት ግን ያን ብቻ ነው። ገጹን ቀድጄ ሦስቱንም ቅጂ እንደ ገና ጻፍኩ። እሷ ቆማ አየችኝ። ኩብራ ዓሊዩ ብዬ ስጨርስ ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ሆነ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለች።

«መናገር መች እችልና።»

በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «የሚጥልህ ሒሳብ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ነገ ጎሚስታው ቤት ና። ደብተር ያዝ።»

እንዲህ ሆኖ ግንቦትን በሙሉ ከጎማ ክምር መካከል አሳለፍኩ። ሞሚና በጠመኔ አሮጌ ጎማ ላይ ትጽፍልኛለች፤ እኔ እሠራለሁ፤ እሷ በጨርቅ ታጠፋዋለች። የሚያልፍ የሚያገድመው ይስቃል። ከሁሉ የባሰው በድሪ የሚባለው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሞሚናን «ባርሲስቱ» ይላታል፣ በኦሮምኛ መምህርቷ ማለት ነው።

«ባርሲስቱ! ይህ ጢማም ተማሪሽ ዛሬስ ተገረፈ?»

«ጋሽ በድሪ፣ አታስቸግረን» ትልና ወደ እኔ ትዞራለች። «አንድ የጭነት መኪና ከሚኤሶ ተነሥቶ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ…»

«ምን አልሽ?» ይላል በድሪ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ። «በሚኤሶ ዳገት በስልሳ?»

«ባዶ ነው መኪናው።»

«ባዶም ቢሆን!»

«ሞተሩ አዲስ ነው።»

«አዲስ ሞተር አሰበ ተፈሪ መጥቶ አያውቅም! ዓሊዩ፣ ልጅህ ሰው ልታስገድል ነው!»

ዓሊዩ ጎማውን በመዶሻ እየመቱ ይስቃሉ። «ሒሳብ ነው በድሪ። በሒሳብ ዳገት የለም።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም ሒሳብ ውስጥ ልንዳ!»

ሞሚና አንድ ነገር ላይ ጨካኝ ነበረች። መልሱን በትክክል አግኝቼ ቁጥሩን ብቻ ከጻፍኩ ትሰርዘዋለች። «ዘጠና ምን? ዘጠና ፍየል?» ትለኛለች። «ኪሎ ሜትሩን አትርሳ! ሰዓቱን አትርሳ!» እስከዚያ ድረስ ለምን እንደምወድቅ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። መምህራኖቻችን የተሳሳተውን በቀይ ይሰርዛሉ፣ ማርኩን ደምረው ደረጃ ያወጣሉ፣ ያልፋሉ። ሰባ ልጅ ይዘው ሌላ ምን ያድርጉ።

አንድ ቀን እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ዓሊዩን ጠየቅኋቸው። «ይህን ፈተና ይወዱታል?»

ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን እየፈለጉ ቆዩ። «እወደዋለሁም አልወደውምም» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፈተናው ግን የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ የጎሚስታ ልጅ ከሐኪም ልጅ ፊት ትቆማለች። ይህን ሌላ የት አገኛለሁ? በሌላ በኩል ደግሞ ልጄ ሁለተኛ እንዳልወጣ ብላ በእንቅልፏ ትቆጥራለች። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ገመድ ትዘላለች እንጂ ከሰው ለመደበቅ ስም ትቀይራለች?» አረፋው ብቅ አለ። «ይኸዋ፣ እዚህ ጋ ነው የተበሳው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሰኔ ላይ ፈተናው ደረሰ። ከሌላ አውራጃ የመጡ ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆመው ስም እየጠሩ አስገቡን። ሞላ፣ ሞላ፣ ሞላ፣ ሞላ፣ ሞላልኝ፣ ሞላልኝ። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አወለቁና ወረቀቱን አገላበጡት። «ይህ ከተማ ሌላ ስም የለውም?»

ከዚያ «ሞረዳ» አሉ። ከሞላልኝ ቀጥሎ ሞረዳ! ሞሚና አልተጠራችም። የ«ሞ» ልጆች ሁሉ ተቀመጡና እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ። ኃይለየሱስ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ! ሞሚና የታለች? ታመመች እንዴ?»

እርሳሴን መቅረጽ ጀመርኩ። ስሞቹ እየተጠሩ ሄዱ፤ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ አለፉ። «ኩብራ ዓሊዩ!»

ሞሚና ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ዐሥራ አንድ አንገት በአንድ ጊዜ ዞረ። ኃይለየሱስ በራሱ ስም ቢቀመጥ ኖሮ ኩብራ የምታርፈው ልክ ከጀርባው ነበር፤ ትንሽ ዞር ቢል ይበቃው ነበር።

«አንገት ወደ ፊት!» ብለው ጮኹ ተቆጣጣሪው። «ምንድን ነው፣ ነፋስ መታችሁ?»

የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች አንድም ነገር ሳልጽፍ አሳለፍኩ። ከፊቴ ያለው ጀርባ የሞላልኝ ቁጥር ሁለት ነው፤ እሱም አይጽፍም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። አንድ የጭነት መኪና በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በሁለት ሰዓት ከሩብ ስንት ይሄዳል? አርባ! በድሪ አርባን ይፈቅዳል ብዬ ሳቄን ዋጥኩት። ሠራሁት፤ ዘጠና መጣ። ምርጫዎቹን ሳይ «ሀ» ዘጠና ደቂቃ ይላል፣ «ለ» ዘጠና ኪሎ ሜትር ይላል። ያለፉትን ዓመታት ዘጠናን እንዳየሁ «ሀ»ን አክብቤ የምሄድ ሰው ነበርኩ። «ዘጠና ፍየል?» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል የሰማሁ መሰለኝ። «ለ»ን አከበብኩ።

ውጤቱ የመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ጓድ ጀምበሩ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጥፈው ሳይጨርሱ ሕዝቡ ወረረው። ከላይ በትልቁ ከአውራጃው አንደኛ፣ ኩብራ ዓሊዩ፣ ዘጠና ስምንት ይላል።

«ኩብራ ማን ናት? ከሂርና ናት?» ይላል ሰዉ።

«የእኔ ናት» አሉ ዓሊዩ ከኋላ፣ ጥቁር እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ። ጓድ አብዱልቃዲር ዞር ብለው አዩዋቸው፣ ከዚያ የገዛ ቀበሌያቸውን ማኅተም ያስታወሱ መሰለኝ፣ ወደ ሰሌዳው ተመለሱ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ጣታቸውን ኀ ላይ አድርገው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ። «የለም! ልጄ የለም! ወደቀ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ጠጋ ብዬ «ሞ ጋ ይፈልጉት» አልኳቸው።

ሞሲሳ፣ ስልሳ አንድ። ኃይለየሱስ በራሱ ጭንቅላት አልፏል! እልልታቸው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ከዚያ በመካከሉ ቆም አደረጉት።

«ሰርተፊኬቱ ላይ ማን ይላል?»

«ሞሲሳ» አሉ ጓድ ጀምበሩ። «ወደ ፊትም፣ በሁሉም ወረቀት ላይ። የቀበሌ ደብዳቤ አምጥታችኋል እኮ።»

«ዩኒቨርሲቲ ቢገባም?»

«ሚኒስትር ቢሆንም።»

ከዐሥራ አንዱ ሰባቱ አለፉ። ከወደቁት አንዱ የጓድ አብዱልቃዲር ልጅ ሞቱማ ነው። የመኪና ሞተር ከነብሎኑ በቃሉ ይስላል፤ ስለ ሞተር ግን ማንም አልጠየቀውም። በሳምንቱ በገዛ ራሱ ዓሊዩ ዘንድ ሄዶ ሥራ ጠየቀ፣ እስካሁን እዚያው ነው። በድሪ ከእሱ ሌላ ሰው ሞተሩን እንዲነካ አይፈቅድም።

እኔ? ኀምሳ አራት። ሒሳብ ብቻውን ኀምሳ ነው፤ ማለፊያውም ኀምሳ ስለሆነ አንድም አልተረፈኝ፣ አንድም አልጎደለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አልጠፋም።

መቻራ የምሄደው በበድሪ መኪና ነበር። ሻንጣዬን ጭኜ ጎሚስታው ቤት ልሰናበት ገባሁ። ሞሚና ገመድ እየዘለለች አገኘኋት።

«አሁን ማን ብዬ ልጥራሽ?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት ኩብራ፣ እዚህ ሞሚና» አለች እየዘለለች። «ኩብራ ትሻላለች። ኩብራን ማንም መትቷት አያውቅም።»

ስለዚያ ረቡዕ ይቅርታ ልላት ስንት ቀን ተዘጋጅቼበት ነበር። «ሞሚና፣ ያን ቀን…» አልኩ።

«አርባ ሁለት» አለችና ሳቀች። «ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል።»

ከበድሪ ጎን ተቀመጥኩ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ ተነሣ።

«እህ፣ ባለ ሰርተፊኬት!» አለ በድሪ። «ተናገር እንግዲህ፣ በስንት ልንዳ?»

«በሃያ» አልኩ።

ከኋላችን ሞሚና ገመዷን ጥላ እየሮጠች ነበር። «ሃያ ምን?» ብላ ጮኸች። «ሃያ ፍየል?»

አንገቴን በመስኮቱ አወጣሁና፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማኝ፣ በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ። «በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር!»

በድሪ እየሳቀ ማርሹን አስገባ። የነዳው ግን በዐሥራ አምስት ነው።